የቦዩ ግርጌ

በአንድ ወይና ደጋ ሸለቆ ውስጥ አራት መንደሮች በጋውን የሚሻገሩበት አንድ ቦይ ነበር። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል የአራቱም መንደር ሰው በደቦ ይወጣና በድንጋይ፣ በጭራሮና በጓል ክትር ሠርቶ ወንዙን ይጠልፋል። ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ክትሩን ጠራርጎት ይሄዳል፤ በዓመቱ እንደገና ይሠራል። የተጠለፈው ውሃ የተራራውን ወገብ ይዞ እየተጠማዘዘ መጀመሪያ የራስጌውን መንደር፣ ቀጥሎ ሁለቱን የመካከል መንደሮች፣ መጨረሻ ላይ የግርጌውን ያጠጣል። ሽንኩርቱም፣ ድንቹም፣ የበጋው በቆሎም የሚበቅለው በዚያ ውሃ ነው።

ውሃው በተራ ነው። የአንዱ ተራ ከጎሕ እስከ ቀትር፣ የሌላው ከቀትር እስከ ጀምበር መጥለቂያ፣ የሦስተኛው ሌሊቱን። ተራውን የሚያስከብረው የውሃ አባቱ ነው። የአንዱን እርሻ በር ዘግቶ የሌላውን ይከፍታል፣ የተሸነቆረውን ይደፍናል፣ በጨለማ ውሃ የሚሰርቀውን ይይዛል። ደመወዙ በመኸር ጊዜ ከየቤቱ ከሚዋጣው እህል ላይ ይከፈለዋል። እግሩ ከጭቃ አይወጣም።

ከእሱ በላይ ሸንጎ አለ። በመካከለኛው መንደር ዋርካ ሥር ሰባት ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ሰባት ሰዎች በወር አንድ ቀን፣ በሚካኤል ማግሥት፣ ይሰየሙባቸዋል። ሰባቱ ውሃ አይነኩም። የውሃ አባቱን የሚሾሙትና የሚሽሩት ግን እነሱ ናቸው፤ የጋራው ጎተራ ቁልፍ ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ ክትሩ የት ይሠራ፣ ተራው እንዴት ይዙር፣ በውሃ የተጣላው እንዴት ይታረቅ የሚለውን ይወስናሉ። አንድ ድንጋይ የሚጎድለው ተሰያሚው ሲሞት ወይም እርጅና ቤት ሲያውለው ነው። ያኔ ከቀሩት አንዱ «እከሌስ?» ብሎ ስም ያነሳል፤ ስሙ የተነሳው ሰው ይቀመጣል። ሌላ ሥርዓት አልነበረውም።

አንድ ዓመት ንዳድ ሸለቆውን አመሰውና የውሃ አባቱን ገደለው። ሽንኩርት ሐዘን አያውቅም፤ በሦስተኛው ቀን መጠውለግ ጀመረ። ሚስቱ «እስከ አርባው ብቻ» ብላ የባሏን ዱላ አነሳች። አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱ አለፈ፣ ዱላው ከእጇ ሳይወጣ ሃያ ዓመት ሞላ።

ሸንጎው አልሾማትም፣ አልከለከላትምም፤ ሥራው ስለሠመረለት ዝም አለ። ከእሷ በፊት የእርሻ በር የሚዘጋው በጓል ነበርና ሌሊት አንድ ሰው በእግሩ ገፋ ካደረገው ውሃው ወደ እሱ ይሄዳል። እሷ በየበሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቆመች፤ ድንጋዩ ሲነሳ ስለሚጮህ የውሃ ሌባ ፈራ። ማን ስንት ተራ እንደወሰደ ዱላዋ ላይ በቢላ ምልክት ትቆርጥ ስለነበር ክርክር ሲነሳ ዱላዋን ትዘረጋለች፤ ዲያቆኑም ፊደል ያልቆጠረውም እኩል ያነበዋል። ቦዩ የት እንደሸነቆረ ቤቷ ተኝታ በድምፁ ትለያለች ይባልም ነበር። ይህኛው ሳይጋነን አልቀረም።

በየወሩ ሸንጎው ፊት ቆማ ትናገራለች። «ክትሩ ደህና ነው። ሦስት ሰው ተቀጥቷል። ሁለት ቦታ ተደፍኗል።» ይጠይቋታል፣ ትመልሳለች። መልሷ አጭርና ቁርጥ ያለ ስለሆነ ሰባቱ እሷን መስማት ደስ ይላቸው ነበር፤ የጠየቋትንም ሁሉ መልሳላቸዋለች።

ጉልበቷ ሲደክም አንድ ወጣት አሠልጥና ዱላውን አስረከበች። ሸንጎው ጋቢ አለበሳት፣ ጊደር ሰጣት። ምርቃቱም ረጅም ነበር።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ድንጋይ ጎደለ። እሷ ቤቷ ቁጭ ብላ ጥጥ እየፈተለች ጠበቀች። እንደሚጠሯት አልተጠራጠረችም፤ በሸለቆው ውስጥ ስለ ውሃ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለማ። በድንጋዩ ላይ የአንደኛው ሽማግሌ አማች ተቀመጠ። በተከታዩ ዓመት ሌላ ድንጋይ ጎደለ፤ በዚህኛው ላይ ማረሻ ጨብጦ የማያውቅ የበቅሎ ነጋዴ ተቀመጠ። ይሄ አንጀቷን አሳረረው።

«ጠይቂያቸዋ» አለቻት እህቷ።

«ወንበር ይለመናል እንዴ? ሥራዬ አይናገርም?»

«ሥራሽማ ተናግሮ ጨረሰ። ጋቢውን ለብሰሽው የለ?»

እህቷን ለሁለት ቀን አኮረፈቻት። በሦስተኛው ቀን ጋቢዋን ቤት ትታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሸንጎው አንጋፋ ሄደች።

«አባባ፣ ድንጋዮቹ ሲጎድሉ የኔ ስም ተነስቶ ያውቃል?»

«ተነስቷል ልጄ።»

«ታዲያ?»

«አንዱ ደክሟታል፣ ትረፍ እንጂ አለ። ሌላው ብትፈልግ ኖሮ ትነግረን ነበር አለ። ሦስተኛው ደግሞ ውሃ ማጠጣት ታውቃለች፣ መዳኘት ግን ሌላ ነው አለ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ዝም አልኩ።»

«ስለምን?»

ሽማግሌው ጭራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። «የሁለቱ ነገር ተራ ወሬ ነው። የሦስተኛውን ግን የምመልስበት አጣሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ መልስ ስትሰጪን ነው የማውቅሽ። ምን እንደምትጠይቂ አላውቅም።»

ተቆጥታ ወጣች። መንገድ ላይ የምትመልስላቸው ነገር ሞላላት፤ ሁሉም ግን መልስ ነበር። ቤቷ ደርሳ እንዝርቷን ስታሾር ሽማግሌው ያሉት እየተመላለሰ መጣባት። እውነትም ሸንጎውን አንድ ነገር ጠይቃ አታውቅም። ውሃ እየፈሰሰ የሚጠይቅ ሰው ለእሷ ሥራ የሚያዘገይ ሰው ነበር።

ከሸለቆው ማዶ የውሃ ወፍጮ ያለው ሌላ መንደር አለ። ወፍጮውን በበላይነት የሚጠብቁ አምስት ሰዎች አንድ ጎድሎባቸው የሚተካ አጥተዋል፤ ክፍያ የለውም፣ ክብርም እምብዛም፣ መንገዱም ዳገት ነው። ሄደች። ስለ ወፍጮ አንዳች የምታውቀው ነገር ስላልነበራት መልስ የመስጠት ፈተና አልገጠማትም። ድንጋዩ በዓመት ስንቴ እንደሚወቀር ጠየቀች፤ ባለ ወፍጮው ስንት ቁና ፈጭቶ ስንት እንዳስገባ ጠየቀች፤ መልሱ የሚያረካ ሳይሆን ሲቀር ዝም ብላ መጠበቅን ተማረች። ሌላም ነገር አየች። ጉዳይ የሚያልቀው በስብሰባው ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ጠላ ቤት፣ ቡና ላይ፣ ከቅዳሴ መልስ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ስብሰባው ያለቀውን ይባርካል። በሃያ ዓመት የውሃ ሥራዋ ለቡና የሚሆን ጊዜ ኖሯት አያውቅም ነበር።

ስለዚህ የሸንጎውን ሰዎች በየቤታቸው መጠየቅ ጀመረች። ለእያንዳንዳቸው በድንጋዩ ላይ መቀመጥ እንደምትፈልግ ሳታፍር ነገረቻቸው። ከዚያ ስለ ጠፍጣፋ ድንጋዮቿም ስለ ዱላዋም ሳታነሳ «ስለ ውሃው እርስዎን የሚያሳስብዎ ምንድን ነው?» ብላ ዝም አለች። ሦስቱ የሚያሳስባቸው ነገር አልነበረም። አንዱ ስለ ወንድሙ ልጅ የድንበር ክስ ሲያወራላት አመሸ። የበቅሎ ነጋዴው ግን ቡናው እስኪቀዘቅዝ አሰበ።

«እሜቴ፣ እኔ ስለ ውሃ ምንም አላውቅም» አላት። «መቁጠር ግን እችላለሁ። አራት መንደር ነን፤ ከየቤቱ የሚዋጣው እህል ከገባ የውሃ አባቱ ተከፍሎት ጎተራው ውስጥ በየዓመቱ መትረፍ ነበረበት። እኔ ከገባሁ ወዲህ ግማሽ ሆኖ ነው የማየው። ማንን ልጠይቅ? ነጋዴ ስለሆንኩ አፌን ስከፍት የትርፍ ነገር የማወራ ይመስላቸዋል።»

ሁለት ዓመት የጠላችው ሰው ነው። ሃያ ዓመት የራሷን ድርሻ ከጎተራው በር ላይ ተቀብላ ስትሄድ ወደ ውስጥ አይታ አታውቅም ነበር።

ሦስተኛ ድንጋይ ሲጎድል ስሟን ያነሳው እሱ ነው። አንዱ «ሴት ልጅ…» ብሎ ጀመረ፤ አንጋፋው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተወው። የቀሩት በየቤታቸው ያዩዋት ስለነበሩ እንግዳ አልሆነችባቸውም። ተቀመጠች።

ኅዳር ላይ ያለወቅቱ ዶፍ ወረደ። ቦዩ ከመካከል ተሰብሮ ውሃው የደረሰ ሽንኩርት ላይ ተለቀቀ። ወጣቱ የውሃ አባት ስብራቱን ሊደፍን ሰው እየጠራ ይሯሯጣል፤ መጀመሪያ ራስጌ ወጥቶ ክትሩን ማፍረስ እንዳለበት አላሰበም። እሷ ጩኸቱን ሰምታ ከመኝታዋ ተነሳች። ጉልበቷን ረሳችው። ራስጌ ሁለት ጎረምሳ ላከች፣ ማን የት እንደሚቆም አዘዘች፣ ወጣቱን ከፊቷ ገለል አድርጋ ስብራቱ ውስጥ ገባች። ሳይነጋ ሽንኩርቱ ዳነ። ያን ሌሊት እንደ ወጣትነቷ ደስ አላት።

በማግሥቱ ተራ የቀረበት ሰው ወደ ወጣቱ ሳይሆን ወደ እሷ ደጅ መጣ። በሳምንቱ ሦስት ሆኑ። ወር ሲሞላ ሸንጎው ተሰይሞ ወጣቱን «ቦዩ እንዴት ነው?» ሲለው ከመመለሱ በፊት ወደ እሷ አየ።

አንጋፋው ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ አስቀሯት። «ያን ሌሊት ሽንኩርታችንን አዳንሽው፤ እግዜር ይስጥሽ። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት የውሃ አባት አለን፣ ድንጋይሽ ደግሞ ባዶ ነው። ልጁ ቢያጠፋ እንዳንሽረው አንቺ አለሽበት። ቢያለማም እንዳናመሰግነው አንቺ አለሽበት።»

በዚያው ምሽት ወጣቱ ቤት ሄደች። «ልጄ፣ ከእንግዲህ ቦዩ ላይ ካየኸኝ መንገደኛ ነኝ» አለችው። ወደ ደጇ የሚመጡትን ወደ እሱ መለሰች። አንዷ ጎረቤቷ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ረሳችን ብላ አማቻት፤ ሐሜቱ ደረሳትና ዋጠችው። ከሁሉም የከበዳት የውሃውን ድምፅ እየሰሙ መተኛት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ወጣቱ አንድ ሐሳብ ይዞ ቀረበ። በየዓመቱ የሚፈርሰው ክትር ይብቃ፤ ከፍ ብሎ በኖራ የተገነባ የማይፈርስ ክትር ይሠራ፤ ውሃው እጥፍ ይሆናል። ለዚህ የሦስት ዓመት መዋጮ ያስፈልጋል። ያማረ ሐሳብ ነበር፤ የቀረበበትም አኳኋን ያማረ ነበር። አማችየው ወዲያው ደገፈው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሷ ስለ ክትር ታውቃለች። መሠረቱ የት ቢጣል እንደሚሻል፣ ድንጋዩ ከየት እንደሚመጣ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችውና ጠየቀች።

«ባለፈው ግንቦት ውሃ ግርጌ የደረሰው ስንት ሌሊት ነው?»

ወጣቱ ዱላውን አገላበጠ። እውነተኛ ልጅ ነበርና አልዋሸም። «እማማ፣ ግርጌ ድረስ አልወረድኩም። የእነሱ ተራ ሌሊት ነው።»

«ከእኛስ ከሰባታችን እርሻው ግርጌ የሆነ ማን ነው?»

ተያዩ። አራቱ ራስጌ፣ ሁለቱ መካከል ናቸው። የበቅሎ ነጋዴው እርሻ የለውም።

ሦስት ሰው ተልኮ ግርጌ ድረስ ወረደ። ከሦስተኛው መንደር በታች ቦዩ ደለል በልቶት እስከ ጉልበት ሞልቷል። ክትሩ እጥፍ ውሃ ቢልክ መካከል ላይ ቦዩን ይሰብራል እንጂ ግርጌ አይደርስም ነበር። የግርጌ ሰዎች ውሃ ስለማያገኙ መዋጮ ማምጣት ካቆሙ ቆይተዋል፤ የጎተራው መጉደል ምክንያቱ ይኸው ነበር። ሸንጎው ዘንድ ያልጮኹት የሚሰማቸው ስለሌለ ነው። በዚያ ዓመት መዋጮው ለደለል ጠረጋ ዋለ። ክትሩ በኋላ ተሠራ፣ ከታሰበው አነስ ብሎ። አማችየው እስከ ፋሲካ ሰላምታ ነሳት፤ ለካ ኖራ የሚያቃጥለው ወንድሙ ኖሯል።

የበቅሎ ነጋዴው አንድ ቀን ጠየቃት። «ያን ጥያቄ ከየት አመጣሽው?»

«ሃያ ዓመት እየፈራሁ የጠበቅሁት ጥያቄ ነው» አለችው። «በየወሩ እዚህ ፊታችሁ ስቆም፣ ዛሬ ስለ ግርጌ ይጠይቁኝ ይሆን እያልኩ እመጣ ነበር። አልጠየቃችሁኝም። እኔም አልነገርኳችሁ።»

ቀጣዩ ድንጋይ ሲጎድል ሁለቱ የአንዲት የግርጌ ገበሬ ስም አነሱ። በመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካላቸውም።

ሸንጎው ቦርድ፣ ዱላ ያዡ ሥራ አስፈጻሚ መሆኑን አንባቢ ቀድሞኝ ደርሶበታል። እኔን የያዘኝ በባንክ፣ በኢንሹራንስ ወይም በፋብሪካ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሠርታ፣ እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደርሳ፣ በሽኝቱ ላይ ጋቢ የለበሰች ሴት ነገር ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሴቶች ሙያቸው ጠርቶ ወደ ቦርድ የሚያስገባቸው እየመሰላቸው ይጠብቃሉ። ሌላው ወገን ደግሞ ዝምታቸውን አለመፈለግ አድርጎ ይተረጉመዋል።

ሽማግሌው የቆጠሯቸው ምክንያቶች የሸለቆው ብቻ አይደሉም። በ2018 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ መንግሥት የአገሪቱ ትላልቅ ኩባንያዎች ሰብሳቢዎችና ሥራ አስፈጻሚዎች ሴት ቦርድ ላይ ላለማምጣት የሰጡትን ሰበብ ይፋ አድርጎ ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች ጣጣውን አይፈልጉትም፣ ጎበዞቹን ሌላው ቀድሞ ወስዷቸዋል፣ ከቦርዱ አየር ጋር አይጣጣሙም የሚሉ ነበሩበት። ከዚያ ሰባት ዓመት በፊት፣ በ2011፣ ለንደን ገበያ ላይ ከተመዘገቡት 350 ቀዳሚ ኩባንያዎች ውስጥ 152ቱ ቦርዳቸው ላይ አንድም ሴት አልነበራቸውም።

ኖርዌይ ሰበቡን በሕግ ቆረጠችው። በ2002 እ.ኤ.አ. በሕዝባዊ አክሲዮን ኩባንያዎቿ ቦርድ ውስጥ የሴቶች ድርሻ ከመቶ ስድስት ገደማ ነበር። የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ አንስጋር ጋብሪኤልሰን የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው ሆነው ሳለ 40 በመቶ ይሁን አሉ፤ ሕጉ በ2003 ወጣ፤ እስከ 2008 መጀመሪያ ያላሟላ ኩባንያ ሊፈርስ እንደሚችል ተደነገገ። ከሕጉ ለማምለጥ የኩባንያቸውን ዓይነት የቀየሩ ነበሩ። የቀሩት ሴቶቹን አገኟቸው። እኔን ከሕጉ ይልቅ የሚገርመኝ የአሠሪዎች ኮንፌዴሬሽን ያደረገው ነው። ኮታውን ሲቃወም የቆየው ኮንፌዴሬሽን በ2003 ኩባንያዎች የራሳቸውን ሴት ኃላፊዎች መርጠው የሚልኩበት፣ የቦርድ ሥራ የሚማሩበት ፕሮግራም ከፈተ። ትልቅ ክፍል ሲመሩ የኖሩ ሴቶች ናቸው መቀመጥን ለመማር የሄዱት። ወንዶቹም ቢማሩት ደግ ነበር፤ እነሱን ግን መጀመሪያውኑ ማንም ታውቃላችሁ ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም።

በእኛ አገር ከወሬው በላይ ሕጉ ራሱ አጥር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበር ቦርድ ላይ የሚቀመጠው ባለአክሲዮን ብቻ ነው ይል ስለነበር፣ ዕውቀት ኖሯት አክሲዮን የሌላት ሴት ከበሩ ትመለሳለች። በሩ ሳይከፈት በፊት 11 ሴቶች የራሳቸውን ዋርካ ተከሉ። ያቋቋሙት እናት ባንክ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ቦርዱንም ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በሰብሳቢነት መርተውታል፣ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት። ባንክ ማቋቋም ለሁሉም አይሆንም። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ከቦርድ አባላት እስከ ሲሶ የሚሆኑት ባለአክሲዮን ካልሆኑ ሰዎች እንዲመረጡ ፈቅዷል። ይህ ሲሶ ነው ከሥራ አስፈጻሚነት የወጣችው ሴት ዓይኗን ልትጥልበት የሚገባው።

ሲሶውን ይዛ ስትገባ የምታመጣው ግን ጋቢው አይደለም። ስንት ቅርንጫፍ እንደከፈተች፣ ተቀማጩን ከስንት ወደ ስንት እንዳሳደገች የሚዘረዝር የሥራ ታሪክ «ውሃ ማጠጣት ታውቃለች» ከማሰኘት አያልፍም። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የነበረች ሴት ሰኔ 30 ሲቃረብ ተቀማጭ እንዴት እንደሚለመን፣ ሐምሌ ላይ እንዴት ተመልሶ እንደሚወጣ ታውቃለች። ብድር ክፍል የሠራች፣ የማይከፈል ብድር በማራዘሚያ ላይ ማራዘሚያ እየታከለበት ጤናማ መስሎ ሪፖርት ውስጥ እንዴት እንደሚያድር ታውቃለች። በሙያ ዘመኗ ቦርድ ፊት ቀርባ፣ ይህን ባይጠይቁኝ እያለች ሪፖርት ያነበበችበት ቀን አይጠፋም። በቦርዱ ክፍል ውስጥ ካሉት ባለሀብቶችና ምሁራን ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። እሷ የምታውቀውን ወደ ጥያቄ ካልለወጠች ግን የምትሆነው ለአዲሱ ፕሬዚዳንት ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ነው፤ ስልክ እየደወለች ቅርንጫፍ የምታዝ የቦርድ አባል ለባንኩም ለራሷም ጣጣ ናት።

የማዶው ወፍጮም አለ። የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የሆስፒታል ወይም የትምህርት ቤት ቦርድ፣ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የበላይ ጠባቂዎች ስብስብ፤ ከራስ ሙያ ራቅ ባለ መጠን ይሻላል ባይ ነኝ፣ መልስ ለመስጠት ስለማያስቸኩል።

ግብዣው ሲመጣ ደግሞ ከደስታው በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። ሕጉ የቦርድ አባላትን ግዴታቸውን ባለመወጣታቸው ለሚደርስ ጉዳት በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርጋል፤ ከእሷ በፊት የተጀመረ ስህተት እሷ ከገባች በኋላ ሳይታረም ከቀጠለ ስሟ አብሮ ይነሳል። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ቃለ ጉባኤ፣ የውጭ ኦዲተሩን ሪፖርትና ኦዲተሩ ለማኔጅመንቱ የጻፈውን ደብዳቤ አይታ ትወስን። አንሰጥም የሚል ቦርድ ካለ፣ ያም መልስ ነው።

የባንኮች ጠቅላላ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይደረጋል። ስም የሚነሳው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ እፈልጋለሁ ብላ ለመናገር ጥሪውን የምትጠብቅ ሴት አዳራሽ ስትገባ ዕጩዎቹ ታትመው ታገኛቸዋለች።